ዱላ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የመምቻ ስሞችን ስንጽፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ለዓመታት ማመልከቻና አቤቱታ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በእጄ ካለፉት የጠብ ጉዳዮች ብዙዎቹ መነሻቸው ድንበር ወይም ከብት፣ መድረሻቸው ደግሞ ዱላ ነበር። የተመታ ሰው የተመታበትን ነገር ስም አጥርቶ ይናገራል፤ ስሙን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ነው። አማርኛ እነዚህን ዕቃዎች የሚለያቸው በቅርጻቸው ብቻ ሳይሆን በተያዙበት ምክንያትም ጭምር ስለሆነ፣ ስሙ ሲሳሳት የያዘው ሰው አሳብም አብሮ ይሳሳታል።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት በእጅ የተያዘን እንጨት ሁሉ «ዱላ» ብሎ ማለፍ ነው። በጀማሪነቴ ዘመን ከአዘዞ በኩል የመጡ አንድ አረጋዊ የጎረቤታቸውን ልጅ ትከሻ መምታታቸውን ራሳቸው አምነው መልስ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እኔም «በያዝኩት ዱላ አንድ ጊዜ መታሁት» ብዬ ጽፌ አነበብኩላቸው። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዱላ ይዤ የምዞር ጠበኛ ነኝ? ከዘራዬን ነው እንጂ!» አሉኝ። «ይቅርታ አባቴ» ብዬ ወረቀቱን ቀደድኩት። እውነታቸውን ነበር፤ እጀታው የተቆለመመው ከዘራ ሽማግሌ ከቤቱ ሲወጣ እንደ ጋቢው የማይለየው ነው። እረኛና መንገደኛ ዱላ መያዙ ነውር ባይኖረውም፣ ጠብ በተነሣበት ቦታ ግን «ዱላ» የሚለው ቃል ለመምታት ታስቦ የተነሣ ነገር ያስመስላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 556 ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ መጠቀምን ቅጣት ከሚያከብዱት ነገሮች ስለሚቆጥር ከዘራም ከዚህ ላያመልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ሰውየው ለጠብ ተሰናድቶ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ያቺ አንዷ ቃል ብዙ ትናገራለች።

ከዘራውን «ምርኩዝ» ማለት ደግሞ በሌላ በኩል ያስቀይማል። ምርኩዝ «ተመረኮዘ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ያለ እርሱ መራመድ ለማይችል ደካማ የሚባል ስም ነው። ከዘራውን ለማዕረግ የያዘ ጠንካራ ሽማግሌ ምርኩዝ ያዘ ሲባል አይወድም።

«መቋሚያ»ን «መቆሚያ» ብሎ መጻፍ የትም ቢሆን ስህተት ነው፤ የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ሥርዓት ትምህርት፣ ማስመስከሪያ የሆነችው የበዓታ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት በጎንደር ግን ይቅርታ የሚደረግለት አይመስለኝም። መቆሚያ ታክሲ የሚቆምበት ቦታ ነው። መቋሚያ ግን ራሱ ላይ አጭር አግዳሚ ያለው፣ አገልጋዮች ሌሊቱን በማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉበት፣ ዝማሜ ሲሆን ከዜማው ጋር እያዘነበሉ የሚያነሡትና የሚጥሉት ዘንግ ነው። በመምቻ ስሞች መካከል ያነሣሁትም እዚያ መቆጠር የሌለበት ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ተቆጥሮ ስላየሁት ነው።

ስለ ሽመል ጥቂት ልቆይ። ብዙ ሰው ረጅም የሆነውን ሁሉ ሽመል ይለዋል፤ ቃሉ ግን አስቀድሞ የተክል ስም ነው። በመተማና በቋራ ቆላ የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ሽመል ሲባል፣ ውስጡ ባዶ ከሆነው የደጋ ቀርከሃ የሚለየው አገዳው አብዛኛውን ጊዜ ድፍን በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ለእጅ ቀሎ ለምት ይጠነክራል። የወይራ ዱላ ሌላ ነው፤ ልጡ ተልጦ፣ በእሳት ወላፈን ተቃንቶ፣ ቅቤ እየጠጣ ከርሞ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ድረስ የሚደክሙለት፣ ሲያነሡት ክብደቱ ክንድ ላይ የሚታወቅ ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ጎረምሶች ሆ እያሉ ወደ ላይ የሚያነሡትን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሁለቱንም ያገኛል፤ ለይቶ መጻፍ ያለበትም እርሱ ነው።

ቆመጥ አጭርና ወፍራም ነው፤ ስለዚህ «ረጅም ቆመጥ» የሚለው አነጋገር ራሱን ያፈርሳል። ፖሊስ በወገቡ የሚይዘው ቆመጥ ቢባል ያስኬዳል።

ጽሑፋቸውን ለማክበር ሲሉ «በበትር መታኝ» የሚሉ አሉ። በትር በገጠር ሽማግሌዎች አፍ ዛሬም ያለ ቃል ቢሆንም፣ በጽሑፍ ላይ የሙሴን በትር ወይም በትረ መንግሥትን ያስታውሳል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ለመጣ ሰው አቤቱታ አይስማማም። በአንጻሩ ዱላ የተናቀ ቃል ነው ብሎ መሸሽ አያስፈልግም፤ ሯጮቻችን እንኳ የሚቀባበሉት ዱላ ነው፣ «በትር ቅብብል» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ግሡን ከስሙ ጋር አለማስማማትም ሌላ ስህተት ነው። መግረፍ ለሚተጣጠፍ ነገር ነው፦ ለአለንጋ፣ ለጅራፍ፣ ለአርጩሜ። «በዱላ ገረፈኝ» የሚል አቤቱታ የሚያነብ ዳኛ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። በዱላ አንድ ጊዜ ከሆነ መታ፣ ደጋግሞ ከሆነ ደበደበ፣ ራስ ከተሰነጠቀ ፈነከተ ይባላል፤ «መታኝ» ያለውን ሰው «ደበደበኝ» ብሎ መጻፍም ያልተባለ ምት መጨመር ነው። አርጩሜና ጅራፍም አይምታቱ። አርጩሜ ከዛፍ የተቆረጠ ቀጭን እርጥብ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ጅራፍ ተገምዶ የተሠራ፣ ልጆች በቡሄ ሰሞን የሚያጮኹት ነው።

የወጥ ቤት ጠብ ሲመጣ ደግሞ «በሙቀጫ መታችኝ» ተብሎ ይጻፋል። ሙቀጫ የሚወቀጥበት ጎድጓዳው ዕቃ ነው፤ በእጅ ተይዞ የሚነሣው ዘነዘና ነው። ሙቀጫውን አንሥታ የመታች ሴት ብትኖር ጉልበቷን አደንቃለሁ።

በመጨረሻ የማነሣው ዱላ በሌለበት ዱላ ማስገባትን ነው። «ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ» ማለት ዱላ ብቻ የቀረው፣ እጅ ግን ያልተሰነዘረበት ንትርክ ነው። አንዲት ባለጉዳይ «ከባለቤቴ ወንድም ጋር ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ነበረን» ብላ የተናገረችውን አንድ ሌላ ጸሐፊ «በዱላ ተጣልተናል» ብሎ አሳጥሮ ጽፎላት ነበር። ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፦ «ማን ማንን መታ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»