የካምፒንጉን ክፍል ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የትምህርት ቤት ፍቅር ቀመስ ኮሜዲ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) የሚከታተል ሰው ይቺን ክፍል ያውቃታል። ጓደኛሞቹ ቦርሳቸውን አዝለው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ድንኳን አለ። ልጁ በልቡ የያዛት ልጅ ከፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሌሊት ያድራሉ። ሳይሳሳሙ፣ «እወድሻለሁ» እንኳ ሳይባባሉ ይመለሳሉ።

«እና ምን ተፈጠረ?» ትላለች ታናሽ እህቴ።

ብዙ ነገር ተፈጥሯል። አላየነውም እንጂ። እኔም ለዓመታት ሳላየው ስላለፍኩ ስህተቶቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

«ፊለር ነው» ብሎ መዝለል

ፊለር የረጃጅሞቹ አኒሜዎች ጣጣ ነው። በየሳምንቱ የሚተላለፈው አኒሜ የተቀዳበት የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ማንጋው፣ ላይ ሲደርስበት፣ ደራሲው ቀጣዩን እስኪያወጣ አዘጋጆቹ ከራሳቸው ታሪክ ፈጥረው ክፍተቱን ይሞላሉ። የትምህርት ቤት ኮሜዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 13 ክፍል ብቻ ነው፤ በሦስት ወር ያልቃል። አንዱ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው። የመክፈቻውና የመዝጊያው ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳሉ። የሚተርፈው 21 ደቂቃ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ካምፒንግን ለጌጥ የሚያስገባ የለም።

ክረምቱን በእኛ ክረምት መለካት

ይሄኛው የኔ ትልቁ ስህተት ነበር። ካምፒንጉ የሚሆንበት ጁላይና ኦገስት ለእኛ ጭቃና ጃንጥላ ነው። «በዚህ ወር ማን ድንኳን ይተክላል?» እያልኩ ነበር የማየው። በአብዛኛው ጃፓን ዝናቡ ጁን ላይ ገብቶ ጁላይ አጋማሽ አካባቢ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያቃጥል ሙቀት ነው። ወደ ተራራ የሚሸሹት ለዚህም ጭምር ነው።

ከአየሩ በላይ የሚያሳስተን ግን የትምህርት ዘመኑ ነው። ለእኛ ክረምት የዓመቱ መጨረሻ ነው። ፈተና አልቋል፣ ካርድ ተሰጥቷል፣ መስከረም ላይ ሌላ ክፍል፣ ምናልባትም ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቃል። በጃፓን ትምህርት ኤፕሪል ላይ ይጀመርና ማርች ላይ ይዘጋል። የእነሱ የበጋ ዕረፍት፣ የጁላይና የኦገስቱ፣ የሚመጣው መሀል ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ እሳቱ ዳር የልቡን ተናግሮ «ይቅርታ» ከተባለ ሴፕቴምበር ላይ እዚያው ክፍል ውስጥ ከእሷው ጋር ይቀመጣል። እስከ ማርች! «ምን ያንተባትበዋል?» ከማለታችን በፊት ይቺን ሰባት ወር እናስባት።

ሰብታይትሉን ብቻ ማንበብ

አንብቡ፤ ግን ጆሯችሁም ይሥራ። የጃፓን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው። ከኋላው «ሳን» ይጨመራል። ለወንድ ልጅ «ኩን»፣ ለቅርብ ሰው ደግሞ «ቻን» ይመጣል። ሰውን በራሱ ስም፣ ያለ ምንም ቅጥያ መጥራት የሚቻለው በጣም ሲቀራረቡ ነው። የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ «ዩኢ፣ ዩኢ» እያለ ይጽፋል። በድምፁ «ሳቶ ሳን» ነው የሚላት። ሰባተኛው ክፍል ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ የእጅ ባትሪው ሲጠፋ፣ ሳያስበው «ዩኢ!» ብሎ ይጮኻል። ልጅቷ ትደነግጣለች። አንባቢው ግን የሚያየው የለመደውን ስም ነው። «ስሟን ስለጠራ ምን ታካብዳለች?» ይላል።

ይሄን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ከማንም ይቀርባል። ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የነበረች ልጅ አንድ ቀን አምልጧት «አንተ» ብትለው ምን እንደሚፈጠር ለእኛ ማን ያስረዳናል? ቃሉ አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ግን ሲያሳስብ ይውላል።

ካሪውን እንደ ምግብ ብቻ ማየት

ካምፕ ላይ የሚሠራው ምግብ ሁሌም ካሪ የሚባለው ወጥ በሩዝ ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ሥራው ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ነው። ድንች የሚልጥ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ሩዙን የሚጠብቅ አለ። በክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ ቢላ መያዝ ሲያቅታት፣ ዝምተኛው ልጅ ደግሞ እንደ ባለሙያ ሲከትፍ የምናየው እዚህ ነው። ስለ ሩዝ አንድ የቆየ አባባል አላቸው፦ መጀመሪያ እሳቱን ቀስ፣ ከዚያ ከፍ አድርግ፣ ሕፃን ቢያለቅስ እንኳ ክዳኑን አታንሳ። የእናቴን «አክንባሎውን ተዉት!» አስታወሰኝ። ክዳኑን ማን ቸኩሎ እንደሚያነሳው እዩ። ፍቅሩንም እንደዚያው የሚያበላሸው እሱ ነው።

የጨለማውን ጉዞ ለሳቅ ብቻ መተው

በጨለማ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱበትን የድፍረት ጨዋታ «ኪሞዳሜሺ» ይሉታል። ቃል በቃል «ጉበት መፈተን» ነው፤ ለእነሱ ድፍረት ያለው ጉበት ውስጥ ነው። እኛ ሐሞት ውስጥ ነው ያስቀመጥነው፣ ብዙም አልተራራቅንም። መናፍስት በበጋ የሚበዙትም ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ የጃፓን አካባቢዎች የሙታን ነፍስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች የሚባልበት የኦቦን በዓል ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው። ጥንዶቹ በዕጣ ይወጣሉ። የሚጮኸውን ትታችሁ ዕጣውን የሚያዘጋጀውን ጓደኛ ተከታተሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያጭበረብራል።

ስለ ጨረቃ ሲወራ ስልክ ማየት

«ጨረቃዋ ታምራለች አይደል?» ከተባለ ስልካችሁን አስቀምጡ። የጃፓኑ ደራሲ ናትሱሜ ሶሴኪ «እወድሻለሁ» የሚለውን እንግሊዝኛ እንዲህ ብላችሁ ተርጉሙት ብሏል የሚል ወሬ አለ። በጽሑፎቹ ውስጥ ግን አልተገኘም። ቢሆንም ጃፓናዊ ተመልካች ወሬውን ስለሚያውቀው አረፍተ ነገሩ እንደ ፍቅር መግለጫ ይሰማል። ልጅቷ «አዎ፣ ደመና የለም» ብላ ከመለሰች ቀልዱ እሱ ነው።

በእሳቱ ዙሪያ የሚጨፈረውንም አትዝለሉት። ነታንያ ወይም ሌላ የእስራኤል ከተማ ያላችሁ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጉ። «ማይም ማይም» የሚለው የእስራኤል የሕዝብ ጭፈራ ጃፓን ውስጥ በትምህርት ቤት ካምፕ የታወቀ ነው። «ውሃ፣ ውሃ» እያሉ እሳት ይዞራሉ። እጅ ለእጅ መያያዝ ግዴታ ስለሆነ ለዓይናፋሮቹ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለም።

ዘፈኑ ሲጀምር መዝጋት

ከመዝጊያው ዘፈን በኋላ ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ የምትሆን ትዕይንት ትኖራለች። ባለፈው እህቴ ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ስትሰድ ያዝኳት። ዘፈኑ አለቀ። አውቶቡሱ ወደ ከተማ እየተመለሰ ነው፣ ሁሉም ተኝቷል። ልጁ ብቻ ነቅቷል። ትከሻው ላይ ያረፈውን ጭንቅላት ላለመቀስቀስ አንገቱን ሳያዞር በመስኮት ያያል።

እህቴ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ልጅቷ ግን የምር ተኝታ ነው?» አለችኝ።

ወደ ኋላ መለስነው።