ትልቅ ቁጥር ኤክሴል ውስጥ ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ችግር፦ ወረቀቱ ላይ በ3 የሚያልቅ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ በ0 ያልቃል።

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ኮምፒውተር ቤቶች በሚጽፏቸው የሒሳብ ወርክሺቶች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ይኸው ነው። 9007199254740993ን እንውሰድ። ኢተጋማሽ ነው፣ በ5ም አይካፈልም። ኤክሴል ላይ ተጽፎ ፎርማቱ ናምበር ሲደረግ ግን 9007199254740990 ሆኖ ይወጣል፤ ተጋማሽ ሆነ፣ በ10 ተካፈለ። የአሃዞቹ ድምርም ከ78 ወደ 75 ወረደ። ሁለቱም በ3 ስለሚካፈሉ በ3 ብቻ የሚፈትሽ ሰው ስህተቱን አያገኘውም።

መንስኤው ኤክሴል ከአንድ ቁጥር የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ መሆኑ ነው፤ የቀረውን በ0 ይተካዋል። ሴሉን ማስፋት ምንም አይፈይድም።

መፍትሄ፦ ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊት ሴሉን ቴክስት ያድርጉት። በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም! አንዴ የጠፋ አሃዝ ፎርማት በመቀየር አይመለስም፤ ከወረቀቱ እያዩ እንደገና መጻፍ ግድ ነው። በፍላሽ የመጣ ሲኤስቪ (መረጃው በኮማ የተለያየ) ፋይልም በድርብ ክሊክ አይከፈት፤ በዳታ ሜኑ አስገብተው ዓምዱን ቴክስት ይበሉት። ከዋናው ጋር ሳያመሳክሩ አባዝቶ ለተማሪ ማደል ይቅር የማይባል ግዴለሽነት ነው።

ቴክስቱን እንዳለ ሞድ (የማካፈል ቀሪ የሚያወጣ) ፎርሙላ ውስጥ መክተትም ትክክለኛ መልስ አይሰጥም፤ ፎርሙላው መጀመሪያ ወደ ቁጥር ይለውጠዋልና። ቁጥሩን ለሁለት ይክፈሉት። በ107 መካፈሉን ለማየት፦ 90071992 ለ107 ሲካፈል ቀሪው 34፣ 54740993 ሲካፈል ደግሞ 7 ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከኋላው 8 አሃዝ ስላለ በ100,000,000 ይባዛል፤ የዚህም ቀሪ 47 ነው። 34 በ47 ሲባዛ 1598፣ 7 ሲደመር 1605። ይህ 107 በ15 ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ቀሪ የለም፣ ይካፈላል። ቁጥሩ በብቸኛ ቁጥሮች ሲተነተን 3 × 107 × 28059810762433 ነው።

ችግር፦ 510,511 “ብቸኛ ቁጥር ነው” ተብሎ ይመለሳል።

ተማሪው እያካፈለ መሞከሩን 17 ላይ አቁሟል ማለት ነው። ቁጥሩ ከ2 እስከ 17 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ላይ 1 የተደመረበት ስለሆነ በሁሉም ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ይህ ብዙዎችን ያሳስታል። ፍተሻው እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም እስከ 714 መዝለቅ አለበት። የሚቀጥለውን ቢሞክር እኮ ያገኘው ነበር፦ 19 × 97 × 277።

ችግር፦ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትልቅ ቁጥር ማካፈል የመጨረሻዎቹን አሃዞች ያዛባል። ነጠላ ጭረት (/) ውጤቱን ወደ ነጥብ ቁጥር ስለሚለውጥ በድርብ ጭረት (//) ያካፍሉ።

ከፒዲኤፍ የተቀዳ ቁጥር አልሰላ ካለ መሀሉ ላይ የተደበቀ ክፍት ቦታ ይፈልጉ።