አመለኛውን ማሬሻል ኒየል ጽጌረዳ እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1864 ፕራዴል የተባለ ፈረንሳዊ የጽጌረዳ አርቢ አንድ ቢጫ፣ ወደ ላይ የሚሳብ ጽጌረዳ ለገበያ አወጣ። ስሙንም ከአምስት ዓመት በፊት ጣሊያን ውስጥ በተደረገው የሶልፌሪኖ ጦርነት ማግስት የማሬሻልነት ማዕረግ ባገኘው በፈረንሳዊው የጦር መሪ በአዶልፍ ኒየል ሰየመው። ከስሙ በቀር ግን ምንም ወታደርነት የለበትም። አበባው አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ዝናብ ሲነካው ያኮርፋል፣ ውርጭ ሲመታው ይጠቁራል፣ መቀስ ከበዛበትም ዓመት ሙሉ ፊቱን ያዞራል። ሲመቸው ደግሞ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ የለጋ ቅቤ ቀለም ያለው አበባ በየቅርንጫፉ ያንጠለጥላል። ሽታው ክዳኑ ገና የተነሳ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮን ያስታውሳል።

የአመሉ ምንጭ ዘሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ ቻርለስተን ላይ፣ ምስክ የሚባለው ጽጌረዳ ከቻይናው ጋር ተዳቅሎ ኑዋዜት የተባለው ወገን ተገኘ። ቀጥሎ አውሮፓ ውስጥ ያ ወገን ከቢጫው የሻይ ጽጌረዳ ጋር ተደባለቀ፤ ማሬሻል ኒየልም ከዚህ ቤት ነው። ከነዚህ የሞቃት አገር ዘመዶቹ ሽታውን፣ ቀጭን አንገቱንና ስስ የአበባ ቅጠሎቹን ወረሰ። አንድ ክፉ ልማድም አብሮ መጣ፤ ብርድ ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ መተኛትን በወጉ አያውቅም። ውርጭ የሚደርስበት ለጋ ቀንበጥ እንደያዘ ነው።

መጀመሪያ ችግኙን ምረጡ። በራሱ ሥር የቆመ ማሬሻል ኒየል አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ሲንፏቀቅ ይኖራል። በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለውን፣ ማለትም ቀንበጡ በሌላው ሥር ላይ ተቀጥሎ የበቀለውን ፈልጉ። አገሩ ሞቃት፣ አፈሩም አሸዋማ ከሆነ ፎርቹኒያና የሚባለው ሥር በጣም ይስማማዋል፤ ሥር የሚያሳብጡትን ጥቃቅን ትሎችም ይቋቋማል። ውርጭ ባለበት አገር ግን ፎርቹኒያና ራሱ ብርድ ስለማይችል ሌላ ሥር ይሻላል። ስትገዙ የተዳቀለበትን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱት። እብጠት ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ካለ ተዉት። የዚህ ጽጌረዳ የታወቀ በሽታ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ ቁስሉ ቀስ እያለ ግንዱን ይዞርና አንድ ቀን ከላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል።

ቀጥሎ ቦታው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚያስበው ስለ ፀሐይና ስለ አፈር ብቻ ነው። ለማሬሻል ኒየል ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለከፍታው ነው። አበባው ወደ ታች ስለሚያይ ወገባችሁ ድረስ በሚደርስ አጥር ላይ ብታሳድጉት የምታዩት ጀርባውን ብቻ ነው። ዳስ ላይ፣ በር ላይ በተሠራ ቅስት ወይም ከፍ ባለ ግድግዳ ላይ ከወጣ ግን ከሥሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ፊት ለፊት ያያችኋል። እስከ አራት ሜትር ሊሄድ ስለሚችል መደገፊያው ጠንካራ ይሁን። ግድግዳ ላይ ከሆነ ሽቦውን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ ነፋስ ከኋላው ካላለፈ ቅጠሉ ሻጋታ ይይዛል።

አተካከሉ እንደማንኛውም ጽጌረዳ ነው። ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ የወጣውን አፈር በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ደባልቁ፤ ከግድግዳ ሥር ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ፤ የግድግዳ ሥር አፈር ደረቅ ነው። የተዳቀለበት ቦታ በሞቃት አገር ከአፈሩ በላይ ይታይ። ብርድ ባለበት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከአፈር በታች ይግባ፤ ከላይ ያለው ቢቃጠል እንኳ ከታች እንዲያቆጠቁጥ።

ከዚህ በኋላ ያለው እንደ አገሩ አየር ይለያያል።

አየሩ ቀዝቀዝ ያለና ዝናባማ ከሆነ ትልቁ ጣጣ እምቡጡ ነው። እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል ዝናብ ይመታዋል፤ የውጭዎቹ የአበባ ቅጠሎች ውኃ ጠጥተው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ፀሐይ ስትወጣም በዚያው ይደርቃሉ። የእርጥብ ወረቀት ዓይነት ቡናማ ልባስ አበባውን ያፍነዋል፣ ከውስጥ ይበሰብሳል። በጊዜ ከደረሳችሁ መፍትሔ አለው። እምቡጡን በሁለት ጣት ደግፋችሁ ያዙ፤ በሌላው እጅ አውራ ጣት የተጣበቀውን የውጭ ቅጠል ከጫፉ ላጥ አድርጉት፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚወጡት። ከሥር ያለው ቢጫ ንጹሕ ከሆነ በማግስቱ ይፈካል። ውስጡም ቡናማ ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ሻጋታው ወደ አንገቱ እንዳይወርድ። ይህ ግን ማስታገሻ ነው። ዋናው ነገር ጣሪያ ነው። ዝናብ ባመዛኙ ከሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ ያለውን ግድግዳ ምረጡ፤ በረንዳ ካለ ከጣሪያው ክንፍ ሥር ምሩት። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መስታወት ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት በከንቱ አልነበረም። ዛሬም በዝናባማ አገር አበባውን በወጉ ማየት የሚፈልግ ሰው መስታወት ቤት ወይም ግሪን ሃውስ ቢኖረው ይጠቅመዋል። ሥሩን ውጭ ተክሎ ግንዱን በቀዳዳ ወደ ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፤ እንዲህ ሲሆን ሥሩ በሰፊ አፈር ላይ ይጠጣል፣ አበባው ከጣሪያ በታች ይቀመጣል።

ውርጭ የሚጠና ከሆነ መጠኑን ተመልከቱ። ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ይበቃዋል፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል። ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ግንዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው። የብርዱ ወቅት ከመግባቱ ሁለት ወር በፊት ማዳበሪያ አቁሙ፤ ለጋ ቀንበጥ እንዳያወጣ። ሥሩ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ከምሩበት፤ ግንዶቹን ከመደገፊያው ፈትታችሁ በአንድ ላይ እሰሩና አየር በሚያስገባ ነገር ጠቅልሏቸው። ፕላስቲክ አታልብሱት፤ ከውስጥ ያላበውና ይበሰብሳል። ከዚያም የባሰ ብርድ ካለ መሬት ላይ አትልፉ። 60 ሊትር ያህል በሚይዝ ትልቅ ማሰሮ ተክላችሁ በብርዱ ወቅት ውርጭ ወደማይገባበት፣ ግን ሞቃት ወዳልሆነ ክፍል አስገቡት።

ሞቃትና ደረቅ አገር ላይ ደስ ብሎት ያድጋል። ችግሩ አበባው ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ፀሐይ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነጭ ሆኖ መርገፉ ነው። የጠዋት ፀሐይ፣ የከሰዓት ጥላ ስጡት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ከ20 እስከ 30 ሊትር ሥሩ ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይበልጣል፤ ውኃው ወደ ጥልቅ ሲወርድ ሥሩም ይከተለዋል። ላዩን በደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጎዝጉዙት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ቅጠሉ ነጣ ነጣ ብሎ ከሥሩ ስስ ድር ካያችሁ የሸረሪት ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ተባዮች ገብተዋል፤ የቅጠሉን ጀርባ በጠዋት በውኃ ግፊት እጠቡት።

ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የቅጠል በሽታ ይመጣል። ሻጋታው ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ስለሚገባ፣ ውኃ ሁልጊዜ በጠዋትና ከሥር ይሁን። የወደቀውን ቅጠል ልቀሙ። ቅዝቃዜ በሌለበት አገር ጽጌረዳው የሚያርፍበት ወቅት ስለሌለው ደረቁን ወቅት ተጠቀሙበት፤ ለጥቂት ሳምንታት ውኃውን ቀንሱለት፣ መልሳችሁ ስታጠጡት በአበባ ይነሣል።

ስለ ማሰር አንድ ነገር ልናገር፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁና። የመጀመሪያውን ማሬሻል ኒየሌን በቀጭን ሽቦ አሰርኩት። በሁለተኛው ዓመት ግንዱ ወፍሮ ሽቦውን ዋጠው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሞተ። አሁን በቃጫ ገመድ፣ ስምንት ቁጥር ሠርቼ፣ ጣት በሚያስገባ ልክ ነው የማስረው። ግንዱ ገና ለጋ ሳለ ወደ ጎን አስተኙት። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንድ የሚያብበው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ የተኛ ግን በየዓይኑ፣ ቀንበጥ በሚወጣበት ነጥብ ሁሉ፣ አጫጭር ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አበባውም የሚመጣው ከእነዚያ ነው። ሲጎብጥ ከተንቀጫቀጨ አቁሙና በሳምንቱ ደግሞ ጥቂት አጉብጡት።

መግረዙን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት መቀሱን ደብቁት። የሞተና የተሰበረ ብቻ ይቆረጥ። አምና ያደገው ግንድ ነው ዘንድሮ የሚያብበው፤ ስለዚህ ከማበቡ በፊት የገረዘ ሰው አበባውን ገረዘ። ዋናው አበባ ካለፈ በኋላ የጎን ቅርንጫፎቹን ሁለት ሦስት ዓይን አስቀርታችሁ አሳጥሩ። ተክሉ ሲጠና በየዓመቱ አንድ ያረጀ ግንድ ከሥሩ አውጡ፣ በቦታው ወጣት ምሩ። መስታወት ቤት ውስጥ ላለው ብቻ ሕጉ ይለያል፤ እዚያ የድሮዎቹ አትክልተኞች አበባው እንዳለቀ ጠበቅ አድርገው ይቆርጡትና በዚያው ዓመት የሚያድገውን ረጅም ግንድ ለመጪው አበባ ያቆዩታል።

አበባውን ቆርጣችሁ ቤት ልታስገቡ ከሆነ ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ አትክተቱት፤ አንገቱ ተሰብሮ ወለል ወለሉን ያያል። እኔ ከአንገቱ በታች አሳጥሬ ቆርጬ ዝርግ ሳህን ላይ ውኃ ሞልቼ አንሳፍፈዋለሁ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ግማሽ የተከፈተውን ከመረጣችሁ ሽታው እስከ ማታ ክፍሉን ይሞላዋል።