ትንሹ ሮቦት ትልቁን እንዴት ይገጥማል? የባትልቴክ አጨዋወት ደረጃ በደረጃ

ባትልቴክ እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ባትልድሮይድስ በሚል ስም ወጣ፤ በዓመቱ የዛሬውን ስሙን ያዘ። የሚጫወቱት ባለስድስት ጎን ቤቶች በታተሙበት ካርታ ላይ ሲሆን ጠጠሮቹ ከ20 እስከ 100 ቶን የሚመዝኑ፣ ሰው ውስጣቸው ገብቶ የሚነዳቸው ግዙፍ ሮቦቶች ናቸው። ጀማሪ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያየው መሣሪያቸውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ እግራቸውን እንዲያዩ እመክራለሁ፤ አብዛኛው ጨዋታ የሚወሰነው ማን የት ቆመ በሚለው ላይ ነውና።

1. ቁጥሩን በቃል ይያዙ

ለመምታት በሁለት ዳይስ አንድ የተወሰነ ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ መጣል ያስፈልጋል። መካከለኛ ችሎታ ያለው ነጂ ከ4 ይነሳል። ከተራመዱ 1፣ ከሮጡ 2፣ ከዘለሉ 3 ይጨምሩ። ዒላማው 3 ወይም 4 ቤት ከሄደ 1፣ 5 ወይም 6 ከሄደ 2፣ ከ7 እስከ 9 ከሄደ 3፣ ከ10 እስከ 17 ከሄደ 4 ይታከላል። ርቀቱ ለመሣሪያው ቅርብ ከሆነ ምንም የለም፤ መካከለኛ ከሆነ 2፣ ሩቅ ከሆነ 4 ነው። ዒላማው ሳሳ ያለ ጫካ ውስጥ ከቆመ 1፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ከቆመ 2 ይደመራል።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው። 7ን የሚያሟላው 21፣ 8ን 15፣ 9ን 10፣ 11ን ደግሞ 3 ብቻ ነው። ከ7 ወደ 9 ሁለት ቁጥር ብቻ ቢመስልም ዕድልዎ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሮቦትዎን ከማንሳትዎ በፊት ሁለት ቁጥር ያስሉ፦ እኔ እሱን ለመምታት ስንት ያስፈልገኛል? እሱስ እኔን?

2. ፈጣኑን ይዘው ከሆነ፦ ሎከስት በአትላስ ላይ

ሎከስት ማለት አንበጣ ነው፤ ስሙም አልዋሸም። 20 ቶን ብቻ ይመዝናል፤ ዋናው ሞዴል አንድ መካከለኛ ሌዘርና ሁለት መትረየስ ይይዛል፤ ሲሮጥ 12 የመንቀሳቀሻ ነጥብ አለው። አትላስ 100 ቶን ነው፤ ትልቁ መድፉ አንዴ ካገኘዎት 20 ጉዳት ያደርሳል፤ ከሎከስት የሚተርፍ ብዙ ነገር አይኖርም። ነገር ግን ሲሮጥ እንኳ 5 ነጥብ ብቻ ነው ያለው።

ሜዳ ላይ አንድ ቤት መሄድም ሆነ አንድ ጎን መዞር አንድ ነጥብ ይበላል። ስለዚህ 10 ቤት ሮጠው ሁለቱን ነጥብ ለመዞሪያ ያስቀሩ፤ ያቺን 4 ጭማሪ የሚያገኙት አሥረኛዋን ቤት ከረገጡ ብቻ ነው። አትላስ አንድ ቤት ተራምዶ እርስዎ በ3 ቤት ርቀት ላይ ቢቆሙ፣ እርስዎ በሌዘር እሱን ለመምታት 6 ይበቃዎታል፤ ከ36 አወዳደቅ 26ቱ ማለት ነው። እሱ ግን 9 ያስፈልገዋል፤ 10 ብቻ። ከኋላው ከቆሙ ደግሞ ትልቁ መድፉ አያገኝዎትም፤ ወደ ኋላ የሚተኩሱት ሁለት መካከለኛ ሌዘሮቹ ብቻ ናቸው። የፊት ደረቱ ጥሩር 47 ሲሆን የጀርባው 14 ነው፤ ሌዘርዎ 5 ስለሚጎዳ ጀርባው መሀል ላይ ሦስት ጊዜ ካረፈ ይበሳዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው እርግጫውን ነው። ሮቦት የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ጉዳት በእግሩ ያደርሳል፤ የአትላስ እርግጫ 20 ነው። የሎከስት እግር ጥሩሩና አጥንቱ ተደምሮ 12 ነው። እግርዎ ተቆርጦ ከወደቁ ፍጥነትዎ አለቀ፤ ያለ ፍጥነት ደግሞ ሎከስት የብረት ክምር ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቤት ርቀው ይቁሙ እንጂ ፊቱ ላይ ተጠግተው አያድሩ።

3. ከባዱን ይዘው ከሆነ

ጀርባዎን ለካርታው ጠርዝ ይስጡ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይገባም። ከቻሉ ጨርሶ አይንቀሳቀሱ፤ የመራመድ ጭማሪዋ ስትቀር የሚያስፈልግዎ 9 ወደ 8 ይወርዳል። ሎከስትን እያሳደዱ ካርታውን መዞር ዝንብን በመጥረቢያ እንደ ማባረር ነው። ከእርሱ ይልቅ በጓደኞቹ ላይ ይተኩሱ፤ ሲጠጋ ይርገጡት።

4. ተመጣጣኞች ሲገናኙ ርቀቱን ይምረጡ

ሀንችባክ 50 ቶን ነው፤ ትከሻው ላይ የተጫነው ያው 20 የሚጎዳው መድፍ ከ9 ቤት ወዲያ አይደርስም። ካታፑልት ደግሞ የሩቅ ሚሳኤል ይዟል፤ ከ10 እስከ 14 ቤት ያለው ርቀት የእርሱ ግዛት ነው። ሀንችባክ የያዘ ሰው ሜዳውን በቀጥታ ከተሻገረ ተቃጠለ። በኮረብታና በጫካ ተከልሎ ይጠጋ። ከ7 ቤት በታች ሚሳኤሎቹ ይቸገራሉ፤ በ3 ቤት ርቀት ቁጥራቸው ላይ 4 ይጨመራል። ካታፑልት አራት መካከለኛ ሌዘሮችም ስላሉት ጉዳዩ በዚያ አያበቃም፤ ግን ቢያንስ ውጊያው የእርስዎ ይሆናል።

5. ተራውን ይጠቀሙበት

በየዙሩ ዳይስ ይጣላል፤ የተሸነፈው መጀመሪያ አንድ ሮቦት ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ በየተራ ይቀጥላሉ። መጨረሻ የሚንቀሳቀሰው የሌላውን አቋም አይቶ ነው። ስለዚህ ቦታው አስቀድሞ የታወቀውን፣ ለምሳሌ ጠርዝ ላይ የቆመውን አትላስዎን፣ መጀመሪያ ያንቀሳቅሱ፤ ሎከስትን እስከ መጨረሻ ይያዙት። ተራውን ተሸንፈው ከሆነ ግን በዚያ ዙር የተቃራኒውን ጀርባ አይመኙ፤ ሎከስትን ከኮረብታ ጀርባ ደብቀው የሚቀጥለውን ዳይስ ይጠብቁ።