ከጦርነት በኋላ ቤተሰብ ስንረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ተኩስ ሲቆም ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለተፈናቀለ ቤተሰብ ግን ከባዱ ገና መጀመሩ ነው። ቤቱ ፈርሷል፣ ሥራው ጠፍቷል፣ መታወቂያና የይዞታ ወረቀት ተቃጥሏል። አንዳንዱ ልጁ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ደግነቱ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ለመርዳት የሚነሳ ሰው አይጠፋም። ችግሩ ልባችን ይቀድምና ጥያቄው ይረሳናል። "ምን ቸገራችሁ?" ከማለታችን በፊት "ቤታችን ምን ተርፏል?" እንላለን። ከሞላ ጎደል የምዘረዝራቸው ስህተቶች ሁሉ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

የተረፈንን መላክ

አንድ ጊዜ ለተፈናቃዮች የተሰበሰበ ልብስ ስንለይ ከአንዱ ከረጢት ቬሎ ወጣ። ከሌላው አንድ እግር ጫማ። መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን። ቀኑን ሙሉ የሠራነው ሥራ ባብዛኛው የሚጣለውን መለየት ነበር። ያን ሁሉ ለመጫን የሚወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ ግን እዚያው አካባቢ አዲስ ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር።

ልብስ ቢበዛ ቦታ ያጣብባል። መድኃኒት ሲሆን ግን ቀልድ አይደለም። ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ውስጥ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከ1992 እስከ 1996 ወደ 17,000 ቶን የሚገመት የማይረባ መድኃኒት በእርዳታ ስም ገብቷል። ቀኑ ያለፈበት ነበር፤ ለታማሚዎቹ የማይሆንም ነበር። መጋዘን ሞላ፣ ማስወገዱ ራሱ ሌላ ወጪ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 የመድኃኒት እርዳታ መመሪያ ያወጣው እንዲህ ያለው ነገር ስለበዛ ነው። በመመሪያው መሠረት የሚላከው ተቀባዩ የጠየቀው መድኃኒት ነው፤ ሲደርስም መጠቀሚያ ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቀረው ይገባል። ከጓዳችሁ መሳቢያ የወጣ ግማሽ ብልቃጥ ሽሮፕ ይህን አያሟላም።

የሕፃናት የዱቄት ወተትም እዚሁ ይግባ። አሳቢነት ይመስላል፤ ነገር ግን ንጹሕ ውኃና የሚፈላበት ማገዶ በሌለበት ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል። የምታጠባ እናት ምግብና እረፍት ካገኘች ልጇ ከጡጦ ይተርፋል። ጡት የማያገኝ ሕፃን ካለ ጉዳዩን ለጤና ባለሙያ መተው ነው፤ በጅምላ አይታደልም።

ጥሬ ገንዘብን መፍራት

"ገንዘብ ከሰጠናቸው ይጠጡበታል" የሚለውን ያልሰማ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ አባባል ከተረጂው ይልቅ ስለ ሰጪው ነው የሚናገረው። የዓለም ባንክ በ2014 ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጡት በአጠቃላይ አልጨመረም። ለነገሩ ልጆቿን ይዛ የተሰደደች እናት የቱ እንደሚቀድም ከእኔና ከእናንተ በተሻለ ታውቃለች። የአንዷ ችግር የቤት ኪራይ ነው፤ የሌላዋ የልጅ መድኃኒት፤ የሦስተኛዋ ደግሞ ዕዳ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ካርቶን ማደል ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ገንዘቡ አካባቢው ገበያ ውስጥ ይዞራል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወቅት ሊባኖስ ላሉ የሶርያ ስደተኞች የተሰጠውን ጥሬ ገንዘብ ያጠኑ ሰዎች፣ እያንዳንዱ 1 ዶላር ለአገሪቱ ኢኮኖሚ 2.13 ዶላር እንዳመጣ አስልተዋል። ስደተኛውን ያስጠለለው ነጋዴም ተጠቀመ ማለት ነው። በነጻ የሚታደል ሸቀጥ ግን ሱቁን ገና መልሶ የከፈተውን ሰው ሊያከስረው ይችላል።

ይህ ሁሌም ይሠራል ማለት አይደለም። መንገድ ከተዘጋና ገበያው ባዶ ከሆነ ብር አይበላም። ያኔ ዕቃው ራሱ ይሂድ። ስለዚህ መጀመሪያ ገበያውን እዩ።

ሳይጣራ ቤት መሥራት

ቤት ሠርቶ ቁልፍ ማስረከብ ለፎቶ ይመቻል። ከመሠረቱ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ አለ። መሬቱ ከፈንጂና ካልፈነዱ ተተኳሾች ጸድቷል? ይህን የሚመልሰው የፈንጂ ባለሙያ ነው፤ "እኛ እኮ ተመላልሰንበታል" የሚል ጎረቤት አይበቃም።

ሁለተኛው፣ መሬቱ የማን ነው? ቦስኒያ እንደገና ትነሳ። የአገሪቱን ጦርነት ያስቆመው፣ በ1995 የተፈረመው የዴይተን ስምምነት ተፈናቃዮች ወደ ቤታቸው የመመለስ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ችግሩ ቤቶቹ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከ200,000 በላይ የይገባኛል ጥያቄ ቀረበ፣ አጣርቶ ለመመለስም ዓመታት ፈጀ። ብዙዎቹ የገቡት ሰዎች እነሱም ተፈናቃዮች ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ ወረቀት ሳይጣራ ጣሪያ ማልበስ አዲስ ጠብ መትከል ነው። ባሏ የጠፋባት ሴት ደግሞ ለብቻዋ ትታሰብ። ሰነዱ በባሏ ስም ከሆነና እሱም ሞተ ወይም አለ የሚል ማስረጃ ከሌለ፣ የገዛ ቤቷን ልትቀማ ትችላለች። ለእሷ ከመቶ ቆርቆሮ አንድ ጠበቃ ይበልጣል።

ብቻውን የተገኘን ልጅ ሁሉ ወላጅ አልባ ማለት

በሽሽት መሃል እጅ ለእጅ የተያያዙ ይላቀቃሉ። ከ1994ቱ የሩዋንዳ የዘር ማጥፋት በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ከቤተሰባቸው ተነጥለው ነበር፤ ስማቸው ተመዝግቦ፣ ተፈልጎ፣ ብዙዎቹ ከዘመዶቻቸው ተገናኝተዋል። ልጁን ቸኩሎ ሩቅ ማሳደጊያ ማስገባት ይህን ፍለጋ ያበላሻል። መጀመሪያ የልጁን ስም፣ የተገኘበትን ቦታና የሚያስታውሰውን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ቀይ መስቀልን ወይም ቀይ ጨረቃን ጠይቁ፤ የጠፋ ዘመድ ማፈላለግ ከቆየ ሥራቸው አንዱ ነው።

"እስቲ የሆነውን ንገሪን"

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ጦርነት ባለፈበት ቦታ ከአምስት ሰው አንዱ አካባቢ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህ ማለት ግን ሁሉም ታሪኩን እንዲዘረግፍ ይገፋ ማለት አይደለም። መናገር የፈለገን አድምጡ፣ ያልፈለገን ተዉት። ዱቄት ልትቀበል የተሰለፈችን ሴት ካሜራ ፊት ማስለቀስ እርዳታ አይባልም። ነገሩ ያሳፍራል፣ እሷን ሳይሆን እኛን።

ዘር ሰጥቶ ምግብ መርሳት

ገበሬን መልሶ ለማቋቋም ዘርና የእርሻ መሣሪያ መስጠት ጥሩ ነው፤ በወቅቱ ከደረሰ። ዝናብ ካለፈ በኋላ የመጣ ዘር ለዚያ ዓመት ምንም አይሠራም። በወቅቱ ቢደርስም ሌላ ነገር ይቀራል። ልጆቹ የተራቡበት አባት ዘሩን ይፈጭና ያበላቸዋል። ምን ያድርግ? ይህን የሚያውቁ ድርጅቶች ከዘሩ ጋር እስከ አዝመራ የሚያደርስ ቀለብ አብረው ይሰጣሉ። እናንተም ለዘር ብር ስታሰባስቡ የቀለቡን ወራት አብራችሁ አስሉ።