ተሳቢ የሚጎትት የናፍጣ መኪና ዳገት ላይ ሲሞቅ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ጭኖ ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ራዲያተር ከመቀየርዎ በፊት መቼ እንደሚሞቅ ይለዩ። ቆሞ ሲሠራ ሞቆ ሲሮጥ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፋኑን ይጠርጥሩ። ጭነትና ዳገት ሲገናኙ ብቻ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የፋኑ ቪስኮስ (ሲሞቅ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክላች) ደክሟል።

ርካሹ የራዲያተሩ ክዳን ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን አይክፈቱ። የጎንደር ከፍታ ከ2,100 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። 1 ባር የሚይዝ ክዳን ይህን ወደ 115 ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ በኢንተርኩለሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሚያቀዘቅዘው) እና በራዲያተሩ መካከል በባትሪ ይመልከቱ። ከፊት ንጹሕ መስሎ ውስጡ በጤፍ እብቅና በአቧራ የተሞላ ብዙ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ክንፎቹን በማያጣምም ቀላል ግፊት ይጠቡት።

የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ግሎ የታችኛው ከቀዘቀዘ ተርሞስታቱን (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) አውጥተው ድስት ውስጥ ይቀቅሉ። 82 የተጻፈበት በዚያው አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት፤ የጎንደር ውሃ ከ93 ስለማያልፍ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት አይጠብቁ። ጨርሶ አውጥቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም፦ በብዙ ሞተሮች ላይ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይመለሳል።

ቀዝቃዛ ሞተር በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦው ከጠጠረ ወይም ውሃው አረፋ ከደፈቀ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ጋዝ እየገባ ነው። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ከማስከፈትዎ በፊት የፍሬኑን አየር ኮምፕረሰር ያስፈትሹ፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የእሱም ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲበላ ያው ምልክት ያሳያል።