«ክላንደስታይን»ን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስቶክሆልሙ የዴዝ ሜታል (ፈጣንና ከባድ የሮክ ዘውግ) ቡድን ኢንቱምድ ሁለተኛ አልበሙን «ክላንደስታይን»ን ያወጣው በኖቬምበር 1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አልበሙ 9 ዘፈኖችና 43 ደቂቃ ያህል ርዝመት አለው። የዴዝ ሜታል አድማጮች ስለዚህ ሥራ ሲከራከሩ አንዱ የዘመኑ ቁንጮ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ የተዝረከረከ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። እኔ አልበሙ ወጣ ገባ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይሁን እንጂ ጉብታውና ጎድጓዳው ብዙ ጊዜ ሰው በሚጠቁምበት ቦታ አይገኝም።

ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት አልበሙን በ1990 በወጣው በ«ሌፍት ሃንድ ፓዝ» ልክ መስፈር ነው። የዚያ የመጀመሪያ አልበም ዘፈኖች ብዙዎቹ ቡድኑ ኒሂሊስት በሚባልበት ጊዜ የተጻፉ፣ በማሳያ ካሴት ተቀድተው ከእጅ ወደ እጅ የዞሩና ወደ ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት ተሞርደው ያለቁ ነበሩ። «ክላንደስታይን» ግን በአብዛኛው አዲስ ድርሰት ስለሆነ እንዲህ ያለውን የመብሰያ ጊዜ አላገኘም። ልዩነቱን ከራሱ ከአልበሙ ውስጥ መስማት ለሚፈልግ ሰው ስምንተኛው ዘፈን «ሲቪር በርንስ» በቂ ነው፤ ይህ ዘፈን ኒሂሊስት በ1989 ከቀዳው የማሳያ ካሴት የመጣ በመሆኑ በዙሪያው ካሉት አዳዲስ ዘፈኖች ይልቅ ቀጥ ያለና ያልተወሳሰበ ነው፣ ስፌቱም እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛው ስህተት በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ማመን ነው። በ«ሌፍት ሃንድ ፓዝ» ላይ የዘፈነው ኤልጂ ፔትሮቭ ከቡድኑ ከተባረረ በኋላ በአዲሱ አልበም ላይ የድምፃዊነት ቦታ የተሰጠው ካርኔጅ በተባለው ቡድን ቤዝ ጊታር ይጫወት ለነበረው ለጆኒ ዶርዴቪች ነበር። በእርግጥ ዘፋኙ ግን ድራም ተጫዋቹና ዋናው የዜማ ደራሲ ኒኬ አንደርሶን ነው። ይህን ሳያውቁ ዶርዴቪችን የሚወቅሱም ሆኑ የሚያሞግሱ ጸሐፊዎች እስካሁን አልጠፉም፤ ሰውየው ባልሠራው ሥራ ሠላሳ ዓመት ሲተች መኖሩ ትንሽ ያሳዝናል። ነገሩ ከስም ማረም ያለፈ ክብደት አለው፣ ምክንያቱም የአልበሙ እውነተኛ ድክመት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። የፔትሮቭ ድምፅ ጎርናና ነበር፣ ቃላቱንም ከጊታሩ ጋር አብረው እንዲጎተቱ ያደርግ ነበር። አንደርሶን በአንጻሩ የሚጮኸው ከጉሮሮው ነው፤ ቃላቱን በድራም ምት ልክ ከትፎ ስለሚያስቀምጥ ዘፈኑ ፍጥነት ቢያገኝም ጥልቀት ይጎድለዋል። ለማነጻጸር የሚመች ማስረጃም አለ፦ «ክሮል» የተባለው ዘፈን በዚያው በ1991 መጀመሪያ በሌላ ቡድን ድምፃዊ በኦርቫር ሴፍስትሮም ድምፅ ለብቻው ወጥቶ፣ በኋላ በአንደርሶን ድምፅ እንደገና ተቀድቶ በአልበሙ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው ድርሰቱ ያው ሆኖ ሳለ ክብደቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ይረዳል።

ሦስተኛው፣ ድምፀቱን ሁሉ ለአንዲት ፔዳል፣ ማለትም በእግር ተረግጣ የጊታርን ድምፅ ለምትቀይር መሣሪያ፣ መስጠት ነው። ቦስ የተባለው ኩባንያ ከ1983 እስከ 1991 ያመርታት የነበረችው ኤችኤም-2 የጊታር ፔዳል፣ መቆጣጠሪያዎቿ በሙሉ እስከ መጨረሻ ሲዞሩ የሞተር መጋዝ የመሰለ ድምፅ ታወጣለች፤ የስዊድን ዴዝ ሜታል መለያም ይህ ድምፅ ሆኗል። ሆኖም ዲስሜምበርና ግሬቭ የተባሉት የስዊድን ቡድኖችም በ1991 የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን «ክላንደስታይን» በተቀዳበት በስቶክሆልሙ ሳንላይት ስቱዲዮ፣ ከዚያው የቀረጻ ባለሙያ ከቶማስ ስኩግስበሪ ጋር ቀድተዋል፤ ሦስቱን አልበሞች ግን ማንም አያምታታቸውም። ግሬቭ ቀጥ ብሎ ይጨፈልቃል፣ ዲስሜምበር ዜማ ያስገባል፣ ኢንቱምድ ደግሞ በየደቂቃው አቅጣጫ ይቀይራል። ስለዚህ «ክላንደስታይን» የተለየ የሆነው በአጻጻፉ ነው፤ የአልበሙ ጉድለትም ቢሆን በመሣሪያው የሚሳበብ አይደለም።

ይህ ወደ አራተኛው ስህተት ያመጣናል፤ እርሱም የዘፈኖቹን መለዋወጥ በጅምላ ዝርክርክነት ብሎ መፈረጅ ነው። መክፈቻው «ሊቪንግ ዴድ» ያለ ምንም መግቢያ በሩጫ ይጀምርና አድማጩ ሳይዘጋጅ ይቀዘቅዛል፤ መዝጊያው «ስሩ ዘ ኮሎኔድስ» ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገነባ ትልቅ ሥራ ነው። በሁለቱም ውስጥ አንዱ ክፍል ሌላውን ይጠራዋል። በ2016 በማልሞ ከተማ አልበሙ በሙሉ ከከተማይቱ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሲቀርብ ድርሰቶቹ ያን ጫና መሸከማቸው ይህንኑ ይመሰክራል። በ«ብሌስድ ቢ» ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ለእኔ ጆሮ እዚያ የሚሰማው በክር የተያያዘ ቁርጥራጭ ነው፤ እያንዳንዱ የጊታር ሐረግ ለብቻው ጥሩ ሆኖ ሳለ ቀጣዩ ለምን እንደመጣ አይታወቅም። ተቺ የሆነ ሰው መለየት ያለበት እነዚህን ሁለት ዓይነት ለውጦች ነው።

አልበሙን ወደ 1993ቱ «ዉልቨሪን ብሉዝ» መሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። ፔትሮቭ ተመልሶ የዘፈነበትና ወደ ሮክ ያደላው ያ አልበም «ክላንደስታይን» ሲቀዳ ገና አልታሰበም ነበር ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ሁለቱ ተቃራኒ መንገዶች ናቸው፣ አንዱ እየጨመረ ሌላው እየቀነሰ የሚሄድ።

በመጨረሻም ዘፈኖቹን በዘፈቀደ ቅደም ተከተል መስማት፣ ዛሬ በስልክ ለሚያዳምጥ ሰው ቀላሉ ስህተት ነው። «ስትሬንጀር ኤዮንስ» 3 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ብቻ የሚወስድ፣ ከሁሉም አጭሩና በእርጋታ የሚራመድ ዘፈን ሲሆን፣ የተቀመጠው አምስተኛ ላይ፣ ልክ በመካከል ነው። ከአራት ረጃጅምና የተጠላለፉ ዘፈኖች በኋላ ሲመጣ ጆሮ ትንፋሽ ያገኛል፤ ተነጥሎ ሲሰማ ግን ከየትኛውም አልበም ሊወሰድ የሚችል ጥሩ ዘፈን ብቻ ይሆናል።